ዓሣው የታለ?

እኔ ስብሰባ ላይ መቀመጫ መምረጥ እችልበታለሁ። ከፊት አይደለም፤ እሱን ማንም ያውቃል። ከኋላም አይደለም። ሰብሳቢው "እናንተ ከኋላ ያላችሁ፣ አስተያየት የላችሁም?" ሲል መጀመሪያ የሚያዘው ከኋላ የተቀመጠው ነው። ጥሩው ቦታ መሃል ላይ፣ ከአንዲት ደልደል ያለች ሴት ጀርባ፣ ነጠላን እስከ ግንባር ሳብ አድርጎ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሴቱ ሁሉ ነጭ ነጠላ ለብሶ ይመጣል፤ ማን ማንን ይለያል? በዚህ ዘዴ ስንት የወላጆች ስብሰባ፣ ስንት የቀበሌ ውይይት ትንፍሽ ሳልል አሳልፌያለሁ። የእድራችን ጸሐፊ አራት ዓመት አንድ ሰፈር ኖረን ባለፈው ለቅሶ ቤት "ከየት ነው የመጣሽው፣ እንግዳ ነሽ?" ብለውኛል።

ስለዚህ ያንን ዓሣ በባለቤቴ ስልክ ላይ ሳየው ዘመዴን ያገኘሁ ነው የመሰለኝ።

ዓሣው የሚኖረው ሩቅ አገር፣ ሞቃት ባሕር ውስጥ ነው። ሰውነቱ ጠፍጣፋ፣ መልኩ የደረቀ ቅጠል። ሊበላው የሚፈልግ ትልቅ ዓሣ ሲመጣ አይሮጥም። በጎኑ ጋደም ይልና ውኃው ወደ ወሰደው ይሄዳል፣ ከእውነተኞቹ ቅጠሎች ጋር ተደባልቆ። የክንፉ ጫፍ እንኳ ትል የበላው ነው የሚመስለው። ትልቁ ዓሣ ይመጣል፣ ያያል፣ ቅጠል ነው ብሎ ያልፋል። ይህን የሚያደርገው ልጅ እያለ ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል ይላል ቪዲዮው። እኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ገና አልተውኩትም።

እኔ ብቻዬን አይቼው ቢሆን ኖሮ እዚያው ይቀር ነበር። ግን ልጄ ቤዛ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። አራተኛ ክፍል ናት። መምህር ይሁኔ የሚባሉት የሳይንስ አስተማሪዋ፣ ከጠላቱ የሚደበቅ አንድ እንስሳ ሠርታችሁ በሚቀጥለው ሰኞ አምጡ፣ ከአሥር ይያዛል ብለዋቸዋል። ልጆች ሥሩ ሲባል የሚሠራው ወላጅ መሆኑን መምህሩም ያውቃሉ፣ ልጆቹም ያውቃሉ። የማያውቅ ወላጅ ካለ እሑድ ከሰዓት ይነገረዋል።

ቤዛ ደግሞ ሰሞኑን አንድ አመል አምጥታለች። ደብተሯን ላይላት ስጠጋ "ተይው እማ፣ አንቺ አታውቂም" ትላለች። በክፋት አይደለም። ውጭ ዝናብ ነው እንደሚባለው ነው የምትለው። እኔ ትምህርት ያቆምኩት ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው። እናቴ ደብረ ኤልያስ ሳለን መንታ ወለደች፤ አንዱን እሷ አዘለችው፣ ሁለተኛውን የሚያዝል ሰው ሲፈለግ እኔ ተገኘሁ። ሁለተኛው ከጀርባዬ ሲወርድ ክፍሉ አልፎኝ ነበር። ባለቤቴ ሙሉቀን ግን አሥራ ሁለተኛን ጨርሷል። ባጃጅ ነው የሚነዳው፤ የምስክር ወረቀቱ ግን ግድግዳችን ላይ ከሠርጋችን ፎቶ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። እሱን አታውቅም ብላው አታውቅም።

ቀላል ነገር ይመስላል፣ አይደል? ልጃችሁ አታውቂም ስትላችሁ መጀመሪያ ትስቃላችሁ። ሁለተኛም ትስቃላችሁ። ሦስተኛው ግን ሳህን ስታጥቡ ይመጣባችኋል።

እና ዓሣውን ልሥራ አልኩ። አንድ ጊዜ እንኳ "እማ ታውቃለች" ብትል ብዬ ነው፣ ለምን እዋሻለሁ? ስፌት እችላለሁ፤ ያንን መንታ አዝዬ የተማርኩት እሱን ነው። የደረቀ ኮባ አመጣሁ። ዳቦ የሚጋገርበትን ማለቴ ነው። በወደቀ የዋንዛ ቅጠል ልክ ቆረጥኩት፤ በወስፌ እየበሳሁ በቀጭን ክር ሰፋሁት፤ የቅጠሉን ደም ሥር በክሩ አወጣሁለት። ጫፉን ትል የበላው አስመሰልኩት። ለዓይኑ አንዲት ጥቁር አዝሙድ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ቤዛ ብርሃን ላይ ይዛ አገላበጠችውና "ታየኛለች እኮ" አለች። ዓሣዬ ሴት መሆኗን ያን ጊዜ አወቅኩ። ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከተረፈው ኮባ ጋር አስቀመጥኳት።

ያችን ነው የተሳሳትኳት።

ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩዬ የሰንበቴ ተራቸው ነበረ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለማኅበሩ ዳቦ ማቅረብ አለባቸው። ኮባ አነሰኝ ብለው እኛ ቤት ይመጣሉ። ባለቤቴ ደግሞ ራሱ ላልገዛው ነገር በጣም ቸር ነው። ይውሰዱ እትዬ፣ ምን ችግር አለ፣ ሁሉንም ይውሰዱ። ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን ጠርጎ አሸከማቸው። ትልቅ ዓሣ እንድታታልል የሠራኋት መጀመሪያ ያታለለችው ባለቤቴን ነው።

እኔ ይህን የሰማሁት እሑድ እኩለ ቀን ላይ ነው። እትዬ ጥሩዬ ከሰንበቴው የተረፈ አንድ ቁራሽ ይዘው ሊያመሰግኑኝ መጡ። ኮባሽ ተባረከ አሉ፣ ዳቦው ምንም አልተጣበቀ። ቁራሹን ገለበጥኩት። ከታቹ በኩል የቅጠል ደም ሥር ቁልጭ ብሎ ታትሟል፤ ጫፉ ላይ አንድ ክር ተንጠልጥሏል። ዓይኗ ዳቦው ውስጥ ካለው ጥቁር አዝሙድ ጋር ተቀላቅላ፣ የትኛዋ እንደሆነች እግዜር ይወቅ። ምናልባት አንዱ ቄስ በልተዋት ይሆናል።

ቤዛ ጮኸች። "ዓሣዬን ጋገሯት!"

እስቲ አስቡት። ዐቢይ ጾም ነው። እትዬ ጥሩዬ ማለት በጾም ወተት ያየ ዓይናቸውን የሚታጠቡ ሴት ናቸው። "ምን? ዓሣ? እኔ? በሁዳዴ?" አሉና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ለስልሳ ሰው ነው ያበላሁት አሉ። የኮባ ዓሣ ናት እትዬ፣ ኮባ ናት አልኳቸው። አልሰሙኝም። መቼ ነው ሰው እኔን የሚሰማው? በዚያው እግራቸው ወደ ንስሐ አባታቸው ሄዱ።

አባም፣ እትዬ ጥሩዬ ተመልሰው እንደነገሩኝ፣ መጀመሪያ ደም ነበራት ወይ ብለው ጠየቁ። ክር ነበራት አባ። አጥንትስ? ክር ነው አባ፣ ሁሉም ነገሯ ክር ነው። አባ ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና "በይ ሂጂ። ኮባ ዓሣ ከሆነማ ጎጃም በሙሉ ሲገድፍ ነው የኖረው" አሏቸው። እትዬ ጥሩዬ ግን ልባቸው ስላላረፈ፣ ለማንኛውም ብለው ሃያ ስግደት ጨመሩ። ለእኔም ከጓሯቸው ምርጡን የደረቀ ኮባ ቆርጠው አመጡልኝ። እሑድ ከሰዓት ሁለተኛዋን ሠራሁ። እጄ ለምዶ ስለነበር ከመጀመሪያዋ በለጠች። ማለት፣ የባሰ ቅጠል ሆነች።

ሰኞ ቤዛ እያለቀሰች ተመለሰች።

ዜሮ። መምህሩ ቅጠሉን ገለበጡ፣ ወደ ብርሃን አነሱ፣ "ዓሣው የታለ?" አሉ። ክፍሉ ሳቀ። እናቴ ናት የሠራችው ስትል ደግሞ አንዷ ከኋላ እናትሽ አልተማረችም እንዴ አለቻት። ቤዛ ይህን ነግራኝ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና "አታውቂም ብዬሽ ነበር እኮ፣ እማ" አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ ነጠላዬን ለብሼ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ንግግር አዘጋጀሁ። ስለ ባሕሩ፣ ስለ ትልቁ ዓሣ፣ ስለ ሦስቱ ቀን፣ ስለ ሰንበቴው ሁሉ ነበረበት። የአስተማሪዎቹ ክፍል በር ላይ ስደርስ ከንግግሬ የተረፈው "ጤና ይስጥልኝ" የሚለው ብቻ ነበር።

መምህር ይሁኔ ልጅ እግር ናቸው፣ መነጽር አላቸው፣ ጨዋ ናቸው። ተነስተው ወንበር ሰጡኝ። እንስሳ ነበር ያልነው አሉኝ፣ ቅጠል አምጥታ ዓሣ ነው ብትለኝ ምን ላድርግ? ጠረጴዛቸው ላይ ከሱቅ የተገዛ የፕላስቲክ አንበሳ አለ፤ ስምንት አግኝቷል። ከጥጥ የተሠራ በግ አለ፤ ዘጠኝ። በግ ከማን ነው የሚደበቀው ብዬ አልጠየቅኩም። ከፋሲካ ይሆናል። የኔዋ ዓሣ ጠርዝ ላይ ናት፤ ሁለት ጠመኔ ተቀምጦባታል።

ጠመኔውን አነሳሁና ዓሣዬን ይዤ ወጣሁ። መምህሩ የተቆጣሁ መስሏቸው "የቤዛ እናት፣ ቆይ እንነጋገር" እያሉ ተከተሉኝ። አልተቆጣሁም። ንግግሩ ስለጠፋኝ ነው።

ከቧንቧው አጠገብ የጽዳት ሠራተኛዋ በሳፋ ውኃ ቀድታ አስቀምጣለች። በእጄ ምልክት ለመንኳት፣ በእጇ ምልክት ፈቀደችልኝ። ከግቢው ዋንዛ ሥር አምስት የደረቁ ቅጠሎች ለቀምኩ። ውኃው ላይ ጣልኳቸው፣ ዓሣዬንም መሃላቸው ለቀቅኳት። በጎኗ ጋደም አለች። ነፋስ መጣና ሁሉንም አንድ ላይ አሽከረከራቸው። የእረፍት ሰዓት ነበርና ልጆች ከበቡን። ቤዛ ራቅ ብላ የበረንዳውን ቋሚ ይዛ ቆማለች። እባክሽ እማ እንዳታሳፍሪኝ የሚል ፊት ነው። እኔ ራሴ በልጅነቴ ለእናቴ ያሳየሁት ፊት ስለሆነ አውቀዋለሁ።

ቀና አልኩና "መምህር፣ ዓሣው የታለ?" አልኳቸው።

ፈገግ አሉ። ጎንበስ ብለው በእስክሪብቷቸው በእርግጠኝነት አንዱን ነኩ። አነሳሁላቸው። ቅጠል ነው። ልጆቹ ሳቁ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ይኼኛው ነው አሉ። እሱም ቅጠል። ምክትል ርእሰ መምህሩ ልጆቹን ወደ ክፍል ሊያስገቡ አርጩሜ ይዘው መጡና እሳቸውም ቆመው ቀሩ። ምንድነው ብለው ጠየቁ። ሲነገራቸው ይህ ምን ይከብዳል ብለው በአርጩሜያቸው ጠቆሙ። ትልቅ፣ ሙሉ፣ እውነተኛ የዋንዛ ቅጠል። የጽዳት ሠራተኛዋ ሳቋ ስላመለጣት መጥረጊያዋን አንስታ ሄደች።

መምህር ይሁኔ ያኔ ዞር ብለው "ቤዛ፣ በይ አንቺ አሳዪን" አሉ።

ቤዛ መጣች። ሳፋውን አየች። የዓሣዋን ዓይን ስለምታውቃት ወዲያው እንዳገኘቻት ገባኝ፤ አሳሳቋ ያስታውቃል። ግን ጣቷን አልቀሰረችም። ነጠላዬን ያዝ አደረገችና "እማን ይጠይቋት፣ ቲቸር" አለች። "እሷ ታውቃለች።"

ዓሣውን የምፈልግ መስዬ ሳፋው ላይ አጎነበስኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለትንሽ ጊዜ እኔም አልታየችኝም።

አሥር ከአሥር ሰጧት። አሁን ዓሣዋ ከቅጠሎቹ ጋር ውኃ በያዘ ማሰሮ ውስጥ ሆና የአስተማሪዎቹ ክፍል መስኮት ላይ ናት፤ የሚገባ የሚወጣውን ዓሣው የታለ ይሉታል አሉ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ፣ ራስን መግለጥ ጥሩ ነው ብዬ መክሬ እንለያይ ነበር። ግን አላለቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤዛ ማንኛውንም ጥያቄ ወደ እኔ ነው የምታመጣው። ጥያቄውም ብቻውን አይደለም የሚመጣው፤ ሁለት የጎረቤት ልጆችም ይዟል። እማ፣ ክፍልፋይ እንዴት ይደመራል? እማ፣ የዝናብ ውኃ ለምን ጨው የለውም? ልብስ እያጠብኩ የአራተኛ ክፍል ሳይንስ መጽሐፍ ድንጋይ ላይ ገልጬ አነባለሁ፤ ሦስተኛው ምዕራፍ ሳሙና በሳሙና ሆኗል። ባለፈው የወላጆች ስብሰባ መሃል ላይ፣ ከደልዳላዋ ሴት ጀርባ ተቀምጬ ሳለሁ፣ መምህር ይሁኔ ከመድረኩ "የቤዛ እናት፣ እስቲ ወደ ፊት" አሉ። የትምህርት መርጃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኜ ወጣሁ። ለሁለተኛ ክፍል ዝሆን እየሰፋሁ ነው።

ትናንት ምሳ ላይ ቤዛ "እማ፣ ጨረቃ ስንሄድ ለምን ትከተለናለች?" አለችኝ። አንድ ጉርሻ እንኳ ገና አልጎረስኩም። አባትሽን ጠይቂው አልኳት፣ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰው እሱ ነው። ወደ እሱ ዞረች።

ሙሉቀን ከትሪው ቀና አለና "እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ? እናትሽን ጠይቂያት እንጂ፣ የምታውቀው እሷ ናት" አለ። ፊቱ ላይ የእፍረት ጥላ እንኳ የለም። እኔ ስለ ጨረቃ ሳስረዳ ሽሮውን ቀስ አድርጎ ወደ ራሱ ሳበና በሰላም በልቶ ጨረሰው።

ለካ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የተማረው ይህንን ነው።