ወለላና የጋሽ ፈለቀ ሚዛን

ላም በታሰረችበት ሰፈር ሁሉ፣ ወተቷን ትቶ ሂሳቧን የሚያልብ አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ ዲላዎች ክቡር ጋሽ ፈለቀ አሉን።

ጋሽ ፈለቀ ዕድሜያቸውን ፍስሐ ገነት ከተማ ቡና ሲመዝኑ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ሚዛኑ ከእጃቸው አልወጣም። ላም ስትወልድ ሰው "እንኳን ደስ አላችሁ" ይላል፤ እሳቸው "በቀን ስንት ሊትር ይጠባል?" ብለው የጥጃውን ደረት በልብስ ሰፊ ሜትር ይለካሉ። አንድ ሠርግ ላይማ የሙሽራዋ ቬሎ ስንት ኩንታል ፉርሽካ እንደሚገዛ አስልተው ለሙሽራው ነግረውታል።

የዛሬ ሦስት ዓመት ላሜ ዳለቻ አርጅታ የመጨረሻ ጥጃዋን ወለደች። ሴት ናት፤ ወለላ አልኳት። ስድስት ወር ሲሞላት ጋሽ ፈለቀ መጡ።

"ካሳነሽ፣ ይቺ ሁለት ዓመት ሙሉ በነፃ ትበላሻለች። ብትታመምስ? ፅንስ ባትይዝስ? ሽጪያትና ጨምረሽ ያረገዘች ጊደር ግዢ። ስሜት አይታለብም።"

"እናቷን እኮ ከሟቹ ባሌ ጋር ነው የገዛናት። የእሱ እጅ ከነካው ከብት ዘር የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት።"

"ባልሽን ሂሳብ ውስጥ አታስገቢ።"

ተሸነፍኩ። ሰኞ ጠዋት የከብት ነጋዴው ዘከርያ ከጪጩ ገበያ መጣ። ወለላን ስቤ አወጣኋት፤ እጄ ግን ገመዱን አለቅም አለ። ዋጋ ለመጥራት ጋሽ ፈለቀ ተሾሙ።

"የጠባችው ወተት ይታሰብ" ብለው ጀመሩ። ዳለቻን ያዳቀለውን ባለሙያ ክፍያ ጨመሩ፤ የእንሰት ቅጠል የተሸከመ ወገቤን ጨመሩ፤ ወለላ ወደፊት የምትወልዳቸውን አራት ጥጆች ጨመሩ። አራተኛው ላይ መንታ አስወለዷት።

ዘከርያ ከጫማው እበት እያራገፈ "ጋሼ፣ እኔ ጥጃ ልገዛ ነው የመጣሁት፤ የልጅ ልጆቿን አልጠየቅኩም" ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

"ገበያ የለም" አሉኝ ጋሽ ፈለቀ። "እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ አሳድጊያት።" እጃቸው የወለላን አንገት ያሻል።

ሜትራቸውን ረስተው ሄደው ኖሮ ልመልስ ቤታቸው ሄድኩ። ጓሮ፣ ከቡናው ሥር፣ አንዲት ወፍራም ላም ስኳር ድንች ያጎርሳሉ። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከወንድ ጋር መንታ የተወለደች መካን።

"ይቺ ስንት ሊትር ትሰጣለች?" አልኳቸው።

ሌላ ድንች አጎረሷት። "ሟች ባለቤቴ ናት በጡጦ ያሳደገቻት። እሷን ሂሳብ ውስጥ አታስገቢያት።"

ወለላ ዘንድሮ ወለደች። ጥጃዋ ጠግባ የተረፈውን እንገር አፍልቼ፣ እንደ ደንባችን የመጀመሪያውን ሰሃን ለጋሽ ፈለቀ ወሰድኩ። ሚዛን ላይ አስቀመጡት።

"ስድስት መቶ ግራም። ይሄ ለጥጃዋ ነበር የሚገባው" ብለው ተቆጡኝ።

ከዚያ በሉት፤ ምንም አለመትረፉንም ሰሃኑን እንደገና መዝነው አረጋገጡ።