የእማማ ሩቂያ ደቃቅ እንግዶች

መምህር የሆነ ሰው አንድ የማይለቀው አመል አለበት፤ ሳይጠይቁት ያስረዳል። አውቶቡስ ውስጥ ያስረዳል፣ ለቅሶ ቤት ያስረዳል፤ እናንተ ለይሉኝታ ራሳችሁን ስትነቀንቁ እሱ ገባቸው ብሎ ደስ ይለዋል። እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ሐረር ተመድቤ ከመጣሁ ስምንት ዓመቴ ነው፤ አመሌ አንድ ቀን እንዲህ ጉድ ይሠራኛል ብዬ ግን አላሰብኩም።

አከራዬ እማማ ሩቂያ ከሐረር ግንብ በሮች አንዱ በሆነው ፈላና በር አጠገብ ተወልደው ያደጉ፣ ዛሬም ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ስፌት የሚሰፉ ሴት ናቸው። አምና ጡታቸው ላይ ካንሰር ተገኘ። መድኃኒቱን በየሦስት ሳምንቱ በመርፌ ይወስዳሉ፤ ምግብ ግን ፈጽሞ አስጠላቸው። ሐኪሙም "ከዚህ በላይ ከከሱ ቀጣዩን መርፌ አልሰጥዎትም" አላቸው። ልጃቸው ሾርባ ታቀርባለች፣ እሳቸው ይገፋሉ። "ደሞስ መድኃኒቱ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ማን አየው?" ይላሉ።

ማን አየው! ይህ ለመምህር ይባላል? መጽሔት ላይ ያነበብኩትን ዘረገፍኩት። ተመራማሪዎች በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ቅንጣቶችን የካንሰር ሴል ውስጥ ያስገባሉ፤ መድኃኒቱ ሴሉን ሲያገኘው ቅንጣቶቹ የሚሰጡት ብርሃን ይለወጣል፤ በዚያም መድኃኒቱ የት እንደሠራ፣ የት እንደለገመ ይታወቃል። "ገብተው፣ አይተው የሚናገሩ ናቸው" አልኩ፣ በራሴ እየተደሰትኩ።

እማማ ሩቂያ ልጃቸውን ጠሩ። "አንቺ፣ ሾርባውን አምጪው። እኔ ቤት የገባ እንግዳ ጦሙን አድሮ አያውቅም!"

ወይ ጉዴ! ቅንጣቶቹ በመርፌው የገቡላቸው መስሏቸዋል። እዚህ እንግዳ ሳይቀምስ አይወጣም፤ ይህን እኔም ስምንት ዓመት ሙሉ ሆዴ እስኪነፋ ተምሬዋለሁ። አሥር ቀን በሉ። እያቅለሸለሻቸውም በሉ። እኔም አሥር ቀን ዋሸሁ፤ ማለቴ ዝም አልኩ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እውነቱን ብነግራቸው መብላት ቢያቆሙስ? ባልነግራቸው ደግሞ ሐኪም ቤት ሄደው "እንግዶቼ ምን አሉ?" ብለው ነርሷን መጠየቃቸው አይቀርም።

ሊመዘኑ ሁለት ቀን ሲቀራቸው አልቻልኩም። "እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። እነዚያ ቅንጣቶች እርስዎ ውስጥ የሉም። ነገሩ ገና ምርምር ነው፤ ያሉት ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ሳህን ላይ በሚያድጉ ሴሎች ውስጥ ነው።"

ማንኪያው አፋቸው ሳይደርስ ቆመ። ፈራሁ።

"ሴሎቹ የማን ናቸው?"

"ከታመመ ሰው የተወሰዱ ናቸው። ምናልባት እንደ እርስዎ ካለች ሴት።"

"አለች? በሕይወት?"

"አላውቅም፣ እማማ።"

ማንኪያውን አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ካለች አላህ ያሽራት፣ ከሞተችም ጀነት ይስጣት ብለው ለማያውቋት ሴት ዱአ አደረጉ። እኔ ክርስቲያኑም "አሚን" አልኩ፤ ድምፄን አውጥቼ ነው ያልኩት። ከዚያ ማንኪያውን መልሰው አነሱ።

"እሷ ገላዋን ሰጥታ፣ እኔ ሾርባ ልግፋ?" አሉና ሳህኑን ጨረሱት።

ሐሙስ ዕለት ሚዛን ላይ ወጡ። ኪሎ ጨምረዋል። ነርሷ መርፌውን ስታቀርብ እማማ ሩቂያ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ "ቢስሚላህ፣ ለሁለታችንም" አሉ።