ምድር ቤቱን ማን ይውሰደው?

መቼም የሰው ልጅ ካለበት ከፍ ማለት ይወዳል። በእግሩ የሚሄደው በቅሎ ያምረዋል፣ በቅሎ ላይ ያለው መኪና ያምረዋል፣ መኪናው ላይ የተሳፈረው ደግሞ ከሹፌሩ ጎን ካልተቀመጥኩ ብሎ ይነጫነጫል። እኛ ላሊበላዎች ግን በዚህ ነገር አመላችን ለየት ይላል። እግዚአብሔርን ስንፈልግ የምንሄደው ቁልቁል ነው፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ከአለት ተፈልፍለው ወደ ታች የወረዱ ናቸውና ጣራቸው ከእግራችን እኩል ነው። ለራሳችን ስንሠራ ግን ሽቅብ ነው። ቀይ ድንጋይ በጭቃ እየካብን ክብ ቤት እናቆምና መሐሉን በእንጨት ረብርበን ሁለት እናደርገዋለን። ሰው ከላይ፣ ከብት ከታች። አንተ በውጭ በኩል ባለው የድንጋይ ደረጃ ወጥተህ ትገባለህ፣ ላምህና ፍየሎችህ ከሥርህ ያመሰኳሉ፣ በብርድ ጊዜ ሙቀታቸው ሽቅብ ይመጣልሃል። ብዙው የአገራችን ከተማ ፎቅ ሳያይ እኛ ፎቅ ላይ ነበርን ብል ጉራ እንዳይመስልብኝ።

ደግሞ ይህን ሁሉ የማወራው እኔ ከላይ ሆኜ እንዳይመስልህ። እኔ ከታች ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው። አስተማሪ ሆኜ ከኩልመስክ ወደ ላሊበላ ስመደብ የሚከራይ ቤት ጠፋ። ቀበሌው የትርፍ ቤት አዋጁን ሲመረምር ከርሞ፣ እትዬ ዘነቡ የተባሉ ባልቴት ፍየሎቻቸውን የሚያሳድሩበት ምድር ቤት ትርፍ ቤት ነው አለና ወረሰው። ፍየሎቹ ወጡ፣ እኔ ገባሁ። እትዬ ዘነቡ ብዙ ጊዜ አኩርፈውኝ ኖሩ፤ አልፈርድባቸውም፣ እኔ እንደ ፍየሎቹ አልታለብ ነገር። እሳቸው ከላይ በተራመዱ ቁጥር አፈር አናቴ ላይ ይረግፋል። ዓርብ ዓርብ ስግደት ያበዛሉ፣ እኔም ዓርብ ዓርብ እራቴን ተሸፍኜ እበላለሁ።

ይህንንም ችዬው በኖርኩ ነበር፣ ጥሩወርቅ ባትኖር። ጥሩወርቅ የመሪጌታ ገብረ ሥላሴ ልጅ ናት። የተዋወቅነው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ እኔ ፊደል አስቆጥራለሁ፣ እሷ ደግሞ ፊደሉን ከአባቷ ዘንድ ቀድማ ስለጨረሰች ከኋላ ተቀምጣ የኔን ስህተት ትቆጥራለች። ወደድኳት። እሷም ጠላሁህ አላለችም። ሽማግሌ ስልክ መሪጌታ ሽማግሌዎቹን በክብር አስቀምጠው፣ ጠላ አስቀድተው፣ ስለ ዝናቡ ጠይቀው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። «ልጁ ጨዋ ነው፣ ነውር የለበትም። ልጄ ግን ምድር ቤት አትገባም» አሉ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር አጣሁ። ትምህርት እያስተማርኩ እንኳ በመስኮት ቤት አያለሁ። መንገድ ስሄድ ዓይኔ ደረጃ ላይ ነው፤ ደረጃ ያለው ቤት ሁሉ ግን ባለቤት አለው። ቁጭ ብዬ መብላት ትቼ ቆሜ መብላት ጀመርኩ። ጥሩወርቅን ቅዳሜ ገበያ ሳገኛት ምን ደረስክ ትለኛለች፣ እኔም እየፈለግኩ ነው እላታለሁ፣ እሷም ሽንኩርት ትመርጣለች። ያ ሽንኩርት መምረጧ ከስድብ ይብስብኝ ነበር።

እንዲህ ስቁነጠነጥ ነው ወሬው የመጣ። ላሊበላ እያደገች ነውና መናኸሪያው አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ባለ አራት ፎቅ መኖሪያ ሊሠራ ታስቧል ተባለ። አራት! እኔ አንድ ደረጃ አጥቼ ስንከራተት መንግሥት አራት ሊያመጣልኝ ነው። መሐንዲሱ ከደሴ መጥቶ መሬቱን ሲለካ ከሥሩ አልጠፋሁም። እስከ ላይኛው ፎቅ ደረጃው ስንት ነው? ለአስተማሪ ይደርሳል ወይ? ባለትዳር ይቀድማል ወይስ ሊያገባ ያሰበ? ሰውየው በመጨረሻ ሲያየኝ መንገድ መቀየር ጀመረ።

የስብሰባው ቀን የቀበሌው አዳራሽ ሞልቶ ሰው በመስኮት ነበር የሚያዳምጠው። መፈክሩ ተባለ፣ ግራ እጅ ወጣ፣ ግራ እጅ ወረደ። ካህናቱ ከላይ ሆኖ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር የሚያይ አይኖርም ወይ ብለው ጠየቁ፤ መሐንዲሱ ይህን አስቀድሞ አስቦበት ኖሮ አይታይም አለና በንድፉ አሳየ። ሁሉም ደስ አለው። እኔማ በልቤ ሠርጌን ደግሼ የሚዜዎቼን ወንበር እየደረደርኩ ነበር።

ያኔ ነው መሐንዲሱ ደግነቱ የገነፈለበት። አባቶቻችን ጉልበታቸው ደክሟልና ደረጃ ከሚያስቸግራቸው ምድር ቤቱ ለእነሱ ይሆናል፣ ወጣቶች ከላይ እንወጣለን አለና ጭብጨባውን ፈገግ ብሎ ጠበቀ። የደሴ ልጅ ነው፣ አያውቅም። እኔ ግን አውቃለሁና ዓይኔን ወደ መሪጌታ ወረወርኩ።

መሪጌታ ገብረ ሥላሴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። ከብቶቹ ወዴት ሊሆኑ እንደሆነ በትሕትና ጠየቁ። ከብት በዚህ ቤት የለም ተባሉ። «እንግዲያ የከብቱን ቦታ ለኛ አሰባችሁልን። እሽ፣ እግዜር ይስጥልን» አሉ። ከዚያ ስብሰባውን ወደሚመራው ካድሬ ዞሩ። «ምነዋ ጓድ፣ ባለፈው ስብሰባ ከእንግዲህ ሰው በሰው ላይ አይሆንም ብለውን አጨብጭበን ገባን። ዛሬ ደግሞ አንዱን ባንዱ አናት ላይ አራት ጊዜ ሊደራርቡን ነው?»

ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ንግግር ቀልድ አልነበረም። የሳቀም የለም። ሰው ሁሉ አጠገቡ ያለውን ሰው ማየት ትቶ ጣራ ጣራ ያይ ጀመር። ካድሬው ግንባሩን ጠረገ። ክፉ ሰው አልነበረም። መጨረሻ ላይ ነገሩን አሳጠረው፤ ምድር ቤቱን በፈቃዱ የሚወስድ ከሌለ ሕዝቡ ፎቁን አልፈለገም ብዬ ለበላይ አሳውቃለሁ አለ።

ማንም አልተነሣም። ሽማግሌው አልተነሣ፣ ወጣቱ አልተነሣ፣ በረንዳ ላይ የሚያድረው ተሸካሚ እንኳ አልተነሣ። እኔ ፎቁ ከእጄ ሲያመልጥ ታየኝ። ቤቱ ብቻ ይሠራ፣ ከታች ወደ ላይ መውጣቱን እኔ አውቅበታለሁ ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ ካልነው። እጄ ወጣ። «እኔ እወስደዋለሁ» አልኩ፣ ያውም ጮክ ብዬ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ካድሬው የሰፊው ሕዝብ ልጅ ብሎ አመሰገነኝ። መሐንዲሱ ሊያቅፈኝ ምንም አልቀረው። መሪጌታ ብቻ አላጨበጨቡም። አዩኝና፣ ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ አዝነው መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ።

ንድፉ ለፊርማ ወደ ደሴ ሄደ፤ እንደሄደም ቀረ። በጀቱ ለዘመቻ ዞረ የሚል አለ፣ መሐንዲሱ ተዛወረ የሚል አለ። እኔ መኪና በመጣ ቁጥር መናኸሪያ እየወረድኩ ሲሚንቶ የጫነ እንደሆነ አያለሁ፤ የሚወርደው ጨውና ሳሙና ነው። ሜዳው ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ጥሩወርቅ ገበያ መምጣት ትታለች። ቆይቶ ስሰማ ጋሸና ላይ ለከባድ መኪና ሹፌሮች ምግብ ቤት ለከፈተ ሰው ተድራለች።

ክረምቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት አልነግርህም። መስከረም ላይ ግን በዚያ በኩል ሳልፍ ምግብ ቤቱን አየሁት። መሬት ላይ ዝርግ ያለች አንዲት ቆርቆሮ ቤት! ደረጃ የላት፣ ፎቅ የላት፣ ከበሩ አንድ እርምጃ ከወጣህ አቧራው ላይ ነህ። ንዴቴ አላስቀመጠኝም። ላሊበላ ተመልሼ እቤቴ እንኳ ሳልደርስ ወደ መሪጌታ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

«የጋሸናውም ቤት እኮ ምድር ላይ ነው፣ የኔታ» አልኳቸው።

«አዎን፣ ምድር ላይ ነው» አሉ። «ከላዩ ግን ሰማይ ነው እንጂ የሰው እግር የለም። ልጄ የሰው እግር ሥር አትደር አልኩ እንጂ ሰማይ ትውጣልኝ መች አልኩ?»

ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም አልኩ። 

«አንተ መች ጠየቅኸኝ፣ ልጄ? መሐንዲሱን ነበር እኮ የምትጠይቅ።»

 ጉልበታቸውን ስሜ ተነሣሁ። በሳምንቱ ለቀበሌው አመለከትኩ፤ ካድሬው ሳቅ ብሎ ቦታ ዛሬም አለ ድሮም ነበር፣ ማን ጠየቀና አለኝ። ከከተማው ዳር ቦታ ተመራሁ፣ እንጨትና ሣር ገዛሁ፣ በዚያው በጋ አንዲት ጎጆ ቀለስኩ። ዝናብ በማያስገባው ጣራዬ ላይ ማንም አይራመድም። ሰፊ ናት፣ ለሁለት ሰው ትበቃለች።