የሸጊቱ ቃል አቀባይ

በየሰፈሩ አፋችሁን ሳትከፍቱ ያላችሁትን የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። ሐኪሙ «የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ከኋላችሁ ቆሞ «ጎኑን ነው» ይላል። ሽማግሌ ሆኖ ሲላክ ሙሽራው በሕልሙ ያላሰበውን ጥሎሽ ቃል ገብቶ ይመለሳል። ለቅሶ ቤት ሐዘንተኛው ሳግ ሲይዘው «ጠዋት እኮ ደህና ነበረች ማለቱ ነው» ብሎ ይጨርስለታል። ማንም አልሾመውም፤ የሚሽረውም የለም።

በሱዳኗ ገዳሪፍ ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር አቶ አንዳርጋቸው ናቸው። የመተማ ሰው ናቸው። በባለሱቋ በባሕሪያ ግቢ፣ ራኩባ በሚሉት የገለባ ዳስ ሥር፣ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ጀለብያ ይሰፋሉ። ደንበኛው «ሰፋ ይበልልኝ» ሲል «ጠበብ ይበል ማለቱ ነው፣ ሸንቃጣ ሰው ነው» ብለው ይቆርጣሉ። ከእንግዲህ «እሱ» እያልን ብናወራለት ቅር አይለውም። አታርቁኝ ማለቱ ነው።

የሥልጣኑ ዘውድ ግን ሸጊቱ ነበረች። ሸጊቱ የጭልጋ ልጅ ናት። ለሰሊጥ አጨዳ ከድንበሩ ማዶ ባሱንዳ ወርዳ ለአርባ ሠራተኛ ወጥ የምትሠራ፣ «ምሳ ደርሷል!» ስትል ድምፅዋ ከእርሻው ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማ ሴት ነበረች። አንድ ቀን ከሎሪ ላይ ወደቀች። አንገቷ ተጎድቶ እጅና እግሯ ከዚያ ወዲህ አልታዘዟትም፤ ጭንቅላቷም ተመትቶ ስለነበር ምላሷ ተሳሰረ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል እንዲሉ፣ ያ ሁሉ ድምፅ ጉሮሮዋ ውስጥ ቀረ። ባሕሪያ «ወላሂ ያገሬ ልጅ በሆስፒታል ደጅ አትወድቅም» ብላ ወደ ግቢዋ አመጣቻት። አንዳርጋቸውም የስፌት መኪናውን ገፋ አድርጎ ከራስጌዋ ተቀመጠና ድምፆቿን እንደ ፊደል አንድ በአንድ ያጠና ጀመር።

እውነት እንናገር ከተባለ ከአሥር ቃሏ ስድስቱን በትክክል ይሰማት ነበር። ሌላው ሰው ሁለቱንም አይሰማ። የአንዳርጋቸው ችግር ለቀሩት አራቱ «አላውቅም» ማለት አለመቻሉ ነው። ሸጊቱ «ሻ... ኳ...» ስትል መርፌውን ከከንፈሩ አውጥቶ «ሻይ፣ ስኳሩ በርከት ይበል ማለቷ ነው» ይላል። ዐይኗን ስታፈጥበት «ኧረ አሁንም አነሰ ማለቷ ነው» ብሎ ያስጨምራል። አንገሬብ የሚሉትን የገመድ አልጋዋን ፊቷ ወደ ግድግዳ እንዲሆን ያዞረውም «የበሩ አቧራ መረረኝ ማለቷ ነው» ብሎ ነው። እንግዳ ሲመጣ እሷ ሳትተነፍስ እሱ ታሪኳን ያወርድላታል፤ ሰውም ከንፈሩን እየመጠጠ ሄዶ «ሸጊቱ እንዴት ታወራለች!» ይላል።

የደብዳቤው ነገርማ አይነሳ። መንገዱ በውጊያ ተዘግቶ ከጭልጋ የሚመጣ ዘመድ ስላልነበረ፣ ለቤተሰቧ የሚጻፈው ሁሉ በአንዳርጋቸው ስልክ ወደ ወንድሟ ወደ ባንታምላክ ይላካል፤ እሱ ለእናቱ ያነብላቸዋል። ሸጊቱ አንድ ቃል ትተነፍሳለች፣ አንዳርጋቸው ሁለት ገጽ ይጽፋል። «ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ለተትንሳኤ፤ ከራስ ጠጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ወንድሜ ባንታምላክስ? ጎረቤቶቻችንስ? ላሚቱስ ወለደች?» ይልና ወደ ታች ወረድ ብሎ፣ «ወገቤን ትንሽ አሞኝ ነበር፤ አሁን ተሽሎኝ እንዲያውም ወፍሬአለሁ። ስወጣ የመረቅሽኝ ምርቃት ከክፉ ሁሉ ጠብቆኛል» ብሎ ይዘጋል።

ሲያነብላት ሸጊቱ ታቃስታለች። እሱ ደግሞ «ናፍቆቱ ነው» ይላታል። እሷ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ለእናቴ እውነቱን ንገሩልኝ። ይህችን ቃል አንዳርጋቸው በደንብ ሰምቷታል፤ ከስድስቱ መካከል ናት። እንዲህ ያለ ነገር ለእናት በስልክ አይነገርም ብሎ ነው የዋጣት።

አምና የባሕሪያ ልጅ ዳሊያ ላፕቶፗን በጀርባዋ አዝላ መጣች። ጦርነቱ ከካርቱም ወደ መደኒ፣ ከመደኒ ወደ ገዳሪፍ ያባረራት የኮምፒውተር ተማሪ ናት። ሸጊቱን አንድ ቀን ሙሉ ዝም ብላ ስታያት ውላ፣ «ያ ዓሚ፣ አጎቴ አንዳርጋቸው፣ አንገቷን ታንቀሳቅስ የለ? ኸላስ፣ ይበቃል!» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፑ ግንባር ላይ ያለችው ካሜራ የሸጊቱን አፍንጫ ትከተላለች። ሸጊቱ ፊቷን ወደ ቀኝ ስታዞር በስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ስታዞር ወደ ግራ ትሄዳለች። የተደረደረው ፊደል ላይ ቀስቷን ለአፍታ ካቆመቻት ፊደሉ ራሱ ይጻፋል። እጅ የሚባል ነገር አያስፈልግም። ዳሊያ ሱዳን ያደገች ናትና አማርኛ ትናገራለች እንጂ አታነብም፤ እናቷም እንደዚያው። ስለዚህ ፊደሉ በትክክል መደርደሩን እንዲያይላቸው የተጠራው አንዳርጋቸው ነበር። የገዛ ምትኩን ራሱ ፈትኖ አሳለፈ።

ሸጊቱ የመጀመሪያዋን ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ሩብ ሰዓት ፈጀባት። ግቢው በሙሉ ተሰበሰበ። አንዳርጋቸው ገና በሦስተኛው ፊደል «እግዚአብሔር ይመስገን ማለቷ ነው» ብሎ አስታወቀ። ስትጨርስ ግን ማንበብ የሚችለው እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ በገዛ አንደበቱ ማንበብ ግድ ሆነበት።

«ሻዩ ስኳር በዝቶበታል።»

ባሕሪያ ሳቋ አፈናት። «ሁለት ዓመት ሙሉ ሽሮፕ ስትግታት ኖርክ? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አሉ!» አለችው። በማግስቱ ሸጊቱ «ፊቴን ወደ በሩ አዙሩልኝ» ብላ ጻፈች። በሦስተኛው ቀን ደግሞ «ጋሼ ራዲዮኑን ቀንስ» አለች። አንዳርጋቸው እያንዳንዷን ሲያነብ ሰው ፊት እንደሚገረፍ ልጅ ይሆን ነበር።

ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። አንዳርጋቸው ሚስት አግብቶ ያልቀናውን ቅናት በአንድ ላፕቶፕ ቀና። «ይቺ ቆርቆሮ» ይላት ጀመር። እሱ ስትስቅ ያውቃል፣ ስታለቅስ ያውቃል፣ ውሃ ሲጠማት ከአተነፋፈሷ ያውቃል። ቆርቆሮዋ ምን ታውቃለች? ከህረባ የሚሉት መብራት እንዲጠፋ በልቡ ይመኛል። ደግሞ ገዳሪፍ ነውና ይጠፋል። ያን ጊዜ ፊቱ በርቶ፣ ወንበሩን ይዞ ከች ይላል። «አይዞሽ፣ እኔ መቼም መብራት አያስፈልገኝም!» ሲል ዳሊያ የፀሐይ ባትሪውን ገመድ ትሰካለች። እሱም ወንበሩን ይዞ ይመለሳል።

አንድ ቀን ምን እየጻፈች እንደሆነ ሊያይ በትከሻዋ በኩል ጎንበስ አለ። ቀስቷ ሸጊቱን ትታ ወደ እሱ አፍንጫ ዞረች፤ የእሱ አፍንጫ ደግሞ ከእሷ ይገዝፋል። እሱ ራሱን ሲነቀንቅ ስክሪኑ «ጨጨጨጨ» እያለ ሞላ።

«ያ ዓሚ! አንተን ይዞሃል! ወደ ኋላ በል!» ብላ ዳሊያ ጮኸች።

«ታዲያ እኔንስ አውቆኛል ማለት ነው» አለ፣ ለአንድ አፍታ ደስ ብሎት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ወንበሩ ከስክሪኑ በስተጀርባ ሆነ። የሚነበብ ነገር ሲኖር ዳሊያ ላፕቶፑን አዙራ ታሳየዋለች፤ ካልሆነ የሚታየው ጥቁር ጀርባው ብቻ ነው። ሁለት ዓመት አንዲት ቃሏ አታመልጠኝም ብሎ የኖረ ሰው፣ አሁን ዐይኖቿ ፊደል ሲለቅሙ እያየ ምን እንደምትል አያውቅም። ከሁሉም ይሄ አንገበገበው።

ይባስ ብሎ ለአራት ቀን አንድ ነገር እየጻፈች ቆየች። ላፕቶፑም አልዞረለትም። በአራተኛው ቀን ዳሊያ ሳታነበው ወደ ጭልጋ ላከችው። «ለእናቷ ነው» ብላ ነገረችው።

«ሰላምታውንስ ማን ጻፈው?» አለ አንዳርጋቸው። ቁጭቱ ድምፁ ውስጥ ነበር።

ሰላምታ አልነበረውም። አንገቷ ለሰላምታ የሚተርፍ ጉልበት አልነበረውም። «እማ፣ እኔ ነኝ። ወድቄ እጅና እግሬ ሞተዋል። አፌም ተይዟል። በሕይወት ግን አለሁ» ይላል፤ አለቀ።

ጭልጋ ላይ ይህ መልእክት ሲነበብ የሆነውን ለመገመት ያገራችንን መርዶ ማወቅ ይበቃል። እኛ ዘንድ ሞት በአንድ ጊዜ አይነገርም። በመጀመሪያ «ትንሽ አሟታል» ይባላል፤ ቀጥሎ «ጠንቶባታል፣ ግን አለች» ይባላል፤ ከዚያ በማለዳ ሽማግሌ ይላካል። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ላሚቱ ስትጠይቅ የኖረች ልጅ፣ ድንገት ያለ እንደምን አደራችሁ «እጅና እግሬ ሞተዋል» ካለች የቀረው ምን ሊሆን ነው? ዳስ ተጣለ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ የአንዳርጋቸው ስልክ ጮኸ። ባንታምላክ ነው፤ ድምፁ እየተቆራረጠ ይመጣል።

«እውነቱን ንገረኝ ጋሼ። መቼ ነው የቀበራችኋት?»

አንዳርጋቸው ክው አለ። ከዚያ፣ ነውር ቢሆንም፣ ውስጡ አንድ ነገር ሞቅ አለው። ያለ እኔ ይኸው አትሆንም አለ በሆዱ። «ኧረ አለች! እዚሁ አጠገቤ!» አለ ጮክ ብሎ።

«አንተማ ወፍራለች ስትለን ነው የኖርከው! አንተን ማን ያምናል?»

ሙቀቱ ወዲያው ጠፋ። ምስል እንዳያሳይ ኔትወርኩ ምስል አያሳልፍም። የሸጊቱን ድምፅ ቢያሰማ የተያዘ አንደበቷን ማን የእሷ ነው ይላል? በዚህ መሀል ስልኩን እናቲቱ ተቀበሉ። ድምፃቸው በልቅሶ ተዘግቷል።

«ልጄ ካለች አንድ ነገር ትንገረኝ። ከቤት ስትወጣ ምን ብዬ መረቅኋት?»

አንዳርጋቸው አፉን ከፈተ። መልሱን የሚያውቀው መሰለው፤ ስለ ምርቃቱ በገዛ እጁ ሃያ ጊዜ ጽፏል። ቀና ብሎ ሸጊቱን ሲያያት ግን ዐይኗ አፈጠጠበት፤ የስኳሩ ዓይነት አፈጣጠጥ ነው። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ «አላውቅም» አለ። «ቆይ እማማ፣ ራሷ ትንገርዎት።»

መስመሩ ሳይቋረጥ እየተጻፈ መነበብ ነበረበት። ወደ ፊት ከመጣ ደግሞ ካሜራዋ አፍንጫውን ትይዛለች። ለሥራ ካስቀመጠው የጀለብያ ጨርቅ አንዱን አንስቶ ከዐይኑ በታች ፊቱን ጠቀለለና ከአልጋዋ አጠገብ ተንበረከከ። ቀስቷ ከሸጊቱ አልተነቃነቀችም። እሱም በጨርቅ ውስጥ ሆኖ ፊደል በፊደል ያነብ ጀመር።

«አል... መ... ረቅ... ሽኝም» አለ፤ ደነገጠ። ሊያለሰልሰው፣ «መርቀሽኛል» ሊለው ቃጣው። ግን የተጻፈውን ብቻ ማንበቡን ቀጠለ። «ተቆጥተሽ... በሩን... ዘጋሽብኝ።»

አንዳርጋቸው ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ያዘ።

«ልጄ ናት!» አሉ እናቲቱ። «ልጄ ናት፣ ዳሱን አፍርሱ! በሩን ዘግቼ ከውስጥ ሆኜ መርቄአት ነበር በላት፤ እሷ አልሰማችም እንጂ! አሁን ትስማኝ!» ብለው ይመርቁ ጀመር። አንዳርጋቸው ስልኩን ከጆሮው አንስቶ በሸጊቱ ጆሮ ላይ አደረገው። ምን ምን እንዳሉ እሱ አልሰማም። ሸጊቱ አለቀሰች። «እንዲህ ማለቷ ነው» ያለ ማንም አልነበረም።

ዛሬ ክቡር አቶ አንዳርጋቸው ከነሥልጣናቸው አሉ። ላፕቶፑ ሲንቀራፈፍ «ደክሞኛል ማለቱ ነው» ብለው ለእንግዳ ያስረዳሉ። ቅናቱም ጨርሶ አልለቀቃቸውም፤ ሲያልፉ ክዳኑን ትንሽ ጠበቅ አድርገው ይዘጉታል። ደብዳቤ ሲጻፍ ግን ሸጊቱ «አንገቴ አይችልም፤ ሰላምታውን አንተ ጻፍ» ስላለችው፣ ከላይ ሁለት ገጽ የእሱ ነው፣ ከታች ሦስት መስመር የእሷ።

ባለፈው ሳምንት የሄደውን መልእክት ሊልክ ሲል የእሷን መስመር አነበበው። ከዚያ በኋላ መርፌ ክር እንቢ አለውና ቀኑን ሙሉ ስፌት ሳይሰፋ ዋለ። መስመሩ እንዲህ ይላል፦ «እማ፣ ከላይ ያለውን የጻፈው ጋሼ አንዳርጋቸው ነው። ስለ ውፍረቴ ያለውን አትመኚው። ሰላምታውን ግን አንድም ሳታስቀሪ ተቀበዪው፤ እሱ እውነት ነው።»