ሥራውን የጠየቅኸው ስንት ሰዓት ላይ ነው?

ሰው ስለ ሥራው የሚነግራችሁን ከማመናችሁ በፊት ሰዓታችሁን እዩ! ዲግሪውን አትዩ፣ መኪናውን አትዩ፣ ግድግዳ ላይ የሰቀለውን የምረቃ ፎቶ አትዩ... ሰዓት ብቻ! ሌላ ከተማ ላይ ይሥራ አይሥራ እንጃ። ድሬዳዋ ላይ ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ያገኛችሁት ባለሙያና ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያገኛችሁት ባለሙያ አንድ ስም፣ አንድ መታወቂያና አንድ ጥንድ ጫማ ያላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። ይህን የምላችሁ የሆነ ቦታ አንብቤ እንዳይመስላችሁ። በራሴ ላይ ደርሶብኝ ነው፤ ያውም ዕድሜ ልኬን የምበላውን እንጀራ ስመርጥ!

ዩኒቨርሲቲ የገባሁበት ዓመት ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ሁላችንንም አንድ ላይ አጭቀው ሲያስተምሩን ከረሙና መጨረሻው ላይ «በሉ እንግዲህ፣ የምትማሩትን ምረጡ» ተባልን። ቅጹ የሚመለሰው ዓርብ፣ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ። ዮናስ የሚባል ቀጭንና ትሁት መምህር ነበረን፤ አሳዘንነው መሰለኝ፣ «በጭፍን አትምረጡ፤ አጥኑ!» ብሎ አሥራ ሁለት ጥያቄ የተጻፈበት ወረቀት አደለን። ሦስት ባለሙያዎች ፈልገን ልንጠይቅ፣ መልሳቸውን ጽፈን ልናስረክበው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህን ሥራ ለምን መረጡት?» ይላል። የመጨረሻው ደግሞ «እንደገና ቢወለዱ ይህንኑ ሥራ ይመርጣሉ?»

ወረቀቱን ቤት ይዤ ሄድኩ። እናቴ አገላብጣ አየችውና፣

«ይሄ ሁሉ ጥያቄ ምን ያደርጋል? አንዱ አይበቃም?» አለች።

«የቱ?»

«ቢሮው ኤሲ አለው ወይ የሚለው!»

አትፍረዱባት። እናቴ ሃያ ዓመት ሙሉ የሠራችው የብስኩት ፋብሪካ ውስጥ፣ መጋገሪያው ክፍል ነው። አስቡት... ከተማው ራሱ ምድጃ በሆነበት አገር፣ ምድጃ ፊት ቆሞ መዋል! እናም የራሷን ጥናት ከጨረሰች ቆይታለች። «አካውንቲንግ ተማር። አካውንታንት ሲያልበው አይቼ አላውቅም» ትላለች። ፋብሪካው ውስጥ ሂሳብ ክፍሉ ብቻ ነበር ኤሲ ያለው። ደመወዝ ልትቀበል ስትገባ ለሁለት ደቂቃ የነካት ያ ቅዝቃዜ በቃ ልቧ ውስጥ ቀረ።

እኔ ግን ሳይንሳዊ ሰው ነኝ! አሥራ ሁለት ጥያቄ በእጄ ይዤ በአንድ ኤሲ እመራለሁ? «ሳላጠና አልወስንም» ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ።

ችግሩ፣ ትምህርት የምንጨርሰው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ከስድስት ሰዓት በኋላ ድሬ ላይ ማንን ታገኛላችሁ? ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ዛፍ ጥላ ሥር ገብቶ ሹፌሩ እግሩን በመስኮት ያወጣል፣ ውሻው እንኳን ሰው ላይ ለመጮህ ይሰንፋል። ከተማው ምሳውን በልቶ ወይ ይተኛል ወይ ይቅማል። እኔ ግን ሦስት ባለሙያዎች በአንድ ጣሪያ ሥር የት እንደሚገኙ አውቃለሁ። ሳቢያን ሰፈር፣ አጎቴ ጋሽ ተፈራ ቤት! የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ጫት የሚቃምበት የበርጫው ክፍል ፍራሽ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባዶ ሆኖ አያውቅም። ረቡዕ ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደብተሬን ይዤ ከች አልኩ።

«ነይ አቦ! ግቢ! ቁጭ በይ!» አሉኝ ሦስቱም በአንድ አፍ። (ድሬን የማታውቁ አንባቢዎች አትደንግጡ፤ እኛ ጋ ወንዱም በሴት ይጠራል። ስድብ አይደለም፣ ፍቅር ነው።)

ጋሽ ተፈራ የባቡር ቴክኒሻን ነው። ከጎኑ ኢንጂነር ሳሚ፣ ከኢንጂነሩ ጎን ደግሞ ነጋዴው አብዲረሺድ ተጋድመዋል። ቅጠሉ የተሸመጠጠ የጫት ገረባ ፊታቸው ተከምሯል፣ ዓይናቸው ያበራል፣ ምርቃናው ደርሷል። ጥያቄዬን ገና ሳልጨርስ ኢንጂነር ሳሚ ከአፌ ነጠቀኝ።

«ለምን መረጡት ነው ያልሽኝ? ጻፊ! ሲቪል ኢንጂነር ማለት ከሞተ በኋላ የሚኖር ሰው ነው! የደቻቱ ወንዝ ክረምት በመጣ ቁጥር ይሞላል አይደል? እኔ አንድ ድልድይ አለኝ... አእምሮዬ ውስጥ ተሠርቶ አልቋል! ጎርፍ ቢመጣ፣ ውቅያኖስ ቢመጣ ንቅንቅ አይልም! የልጅ ልጆችሽ ይሻገሩበታል!»

«እንደገና ቢወለዱ...»

«አሥር ጊዜ ብወለድ አሥር ጊዜ ኢንጂነር!»

ጋሽ ተፈራ አልቻለም። «ባቡር ያለኔ ንቅንቅ አይልም! እዚህ ቁጭ ብዬ አንድ ቁልፍ ብነካ፣ ከጅቡቲ የሚመጣው ሁሉ ባለበት ይቆማል!» (እዚያ ቁጭ ብሎ የነካው ቁልፍ የቴሌቪዥን ነው።)

አብዲረሺድም ተነሥቶ ተቀመጠ። («ዋላል» የሚለው በሶማልኛ ወንድሜ ለማለት ነው።) «ዋላል፣ እነሱ ተቀጣሪ ናቸው። ወላሂ ንግድ ነፃነት ነው! አለቃ የለ፣ ፊርማ የለ። ስትፈልጊ ትከፍቻለሽ፣ ስትፈልጊ ትዘጊያለሽ። ንጉሥ ማለት ነጋዴ ነው!»

እጄ እስኪዝል ጻፍኩ። ወንድሞቼ፣ እኔ አንድም ቅጠል አልበላሁም፤ የነሱን ቃል ሰምቼ ብቻ መረቀንኩ! ከዚያ ቤት ስወጣ እግሬ መሬት አይነካም። ምርጫዬን ወሰንኩ። ሲቪል ኢንጂነሪንግ! ያ ድልድይ የኔ ነው።

ቤት እንደደረስኩ ቅጹ ላይ አንደኛ ምርጫ በሚለው መስመር በእርሳስ ጻፍኩት። እናቴ አየችው። አልተቆጣችም። ወረቀቱን መልሳ እያቀበለችኝ፣

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የጠየቅኸው?» አለችኝ።

«ምን?»

«ሳሚን። ስንት ሰዓት ላይ ጠየቅኸው?»

«ዘጠኝ ሰዓት።»

«ጠዋት ሂድና ጠይቀው።»

ሐሙስ ጠዋት ትምህርት ፎርፌ ከአንድ ሰዓት በፊት ደቻቱ ወረድኩ። ኢንጂነር ሳሚ ደረቁ ወንዝ ዳር ሠራተኞች እያስቆፈረ ነው። የፀሐይ ባርኔጣው ቅንድቡ ላይ ወርዷል፣ ፊቱ ተኮሳትሯል፤ የጫት ሐራራው ግንባሩ ላይ ይነበባል። ትናንት አንድ ፍራሽ ላይ አብረን የተቀመጥን ሰዎች እንዳልሆንን፣

«ማነሽ አንቺ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ፤ የጋሽ ተፈራ የእህት ልጅ። ኢንጂነሪንግ ልመርጥ ነው!»

«ጠላትሽ ይምረጥ!»

«እንዴ! አንድ ጥያቄ ብቻ... ድልድዩስ?»

«የምን ድልድይ?»

«ውቅያኖስ የማይነቀንቀው...»

«አቦ ተይኝ! ድልድይ የሚባል ነገር ሠርቼ አላውቅም! ቱቦ ነው የምቀብረው! ዛሬ እቀብራለሁ፣ ነገ ሌላው መጥቶ ይቆፍረዋል። ዞር በይ፣ አፈሩ ላይ ቆመሻል!»

የልጅ ልጆቼ የሚሻገሩበት ድልድይ ዓይኔ እያየ ፈረሰ። ቢሆንም ተስፋ አልቆረጥኩም፤ በባጃጅ ወደ አብዲረሺድ ሱቅ በረርኩ። ንጉሡን በሦስት ስልክ ተከቦ አገኘሁት። አንዱን ጆሮው ላይ፣ አንዱን ትከሻው ሥር፣ ሦስተኛው ጠረጴዛው ላይ እየጮኸ።

«አብዲ፣ ነፃነቱ እንዴት ነው?» አልኩት።

«የምን ነፃነት? ዋላል፣ ዕቃዬ ኬላ ላይ ቆሟል፣ ሹፌሩ ስልክ አያነሳም፣ ደንበኛው ስልክ አያስቀምጥም!»

«አለቃ የለም ብለኸኝ ነበር እኮ!»

የሚጮኸውን ስልክ አንሥቶ ዓይኔ ሥር ደቀነልኝ። «ይሄ ማነው ታዲያ? አለቃ ነው! ሌሊትም ቀንም አለቃ ነው! ዋላል፣ ተማሪ፣ ደመወዝ ያለው ሥራ ፈልጊ!»

ጋሽ ተፈራን ባቡር ጣቢያው በር ላይ ጠበቅኩት። እሱ እንኳን ዘመድ ነው፤ አልጮኸብኝም። አየኝና፣ «ይሄን ሁሉ ዓመት ባቡር ስሸኝ ኖርኩ፤ አንድ ቀን ተሳፍሬ ባሕር አላየሁም» ብሎኝ ገባ። እንደሱ ተክዞ አይቼው አላውቅም፤ አንጀቴን በላው።

አሁን የኔን ጭንቀት አስቡት። ቅጹ ነገ ሊመለስ ነው። በአንድ እጄ ሦስት ገነት፣ በሌላው እጄ ሦስት ሲኦል ይዣለሁ፤ ሰዎቹ ግን ሦስት ብቻ ናቸው! የትኛውን ልመን? ተሳስቼ ከገባሁ አራትና አምስት ዓመት ተምሬ፣ ከዚያ ዕድሜ ልኬን ጠዋት ጠዋት ሰው ልገላምጥ ነው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት እናቴ ከፋብሪካ ገባች። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክራ ስትቀመጥ፣ ድንገት አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። እናቴ አትቅምም። ምሳ በልታ አትተኛም። ደብተሬን አወጣሁ።

«ይህን ሥራ ለምን መረጡት?»

«አንቱ ማለት ጀመርክ?» ሳቀች።

«ወረቀቱ ነው እንዲያ የሚለው። መልሺ።»

«መረጥኩት እንዴ? አንተን አርግዣለሁ፣ የፋብሪካው በር ክፍት ነበር፣ ገባሁ።»

«ከሥራዎ በጣም የሚወዱት ምንድን ነው?»

«ብስኩቱ ሳይቃጠል ሲወጣ። ከዚያ ደግሞ የመውጫውን ደወል።»

«እንደገና ቢወለዱ ይህንኑ ሥራ ይመርጣሉ?»

እግሯን ውኃው ውስጥ አንቀሳቀሰች። «እንደገና ከተወለድኩማ፣ እኔም እንዳንተ ወረቀት ይሰጠኝና ልምረጥ።»

እስክሪብቶዬ ቆመ። አፈርኩ... እውነቴን ነው፣ አፈርኩ። ከተማውን ሙሉ ስዞር፣ ሃያ ዓመት አብራኝ የኖረችውን ባለሙያ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

ዓርብ ጠዋት፣ ገና ነጠላዋን ሳትለብስ፣ እነዚያኑ ጥያቄዎች ደገምኩላት። «ትናንት ነገርኩህ አይደል እንዴ? ደንቁረሃል?» ብላ ያንኑ መልስ ቃል በቃል ሰጠችኝ። ሥራ ሊረፍድባት ስለነበር ፈጠን ከማለቷ በቀር አንድም ነገር አልተለወጠም። አለቀ! ከተማው ውስጥ ጠዋትና ከሰዓት አንድ ዓይነት የምትናገር አንዲት ባለሙያ አገኘሁ፤ እሷ ያለችኝን ልስማ። ሲቪል ኢንጂነሪንግን በላጲስ አጥፍቼ አካውንቲንግ ብዬ በእስክሪብቶ ጻፍኩ።

ለመምህር ዮናስ ሁለቱንም ጥናት፣ የጠዋቱንም የከሰዓቱንም፣ ከነሰዓቱ ጽፌ አስረከብኩት። ቆሞ አነበበው። ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ።

«መምህር፣ ማስተማርስ እንዴት ነው?» አልኩት እግረ መንገዴን።

ሰዓቱን አየ። አራት ሰዓት ነው፤ ጠዋት።

«ከሰዓት ብትመጣ አይሻልም?» አለኝ።

ይኸው አካውንታንት ሆኜ ተቀጠርኩ። ኤሲው የተበላሸው በገባሁ በሁለተኛው ወር ነው፤ ለእናቴ ግን እስካሁን አልነገርኳትም። ጡረታ ወጥታ ቤት ስትውል፣ «ልጄ ቀዝቃዛ ቦታ ነው የሚውለው» እያለች ለጎረቤት ታወራለች። ከቢሮ ስመጣ ሸሚዜን በር ላይ አራግፌ፣ አድርቄ ነው የምገባው።

ባለፈው ሰሞን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጋሽ ተፈራ ቤት ጋደም ብዬ ሳለሁ (አዎ፣ እኔም! ዝም በሉ) አንዲት ተማሪ ደብተር ይዛ ገባች። የመምህር ዮናስ ተማሪ ናት፤ አካውንታንት ፈልጋ ቤታችን ብትሄድ እናቴ ናት ወደዚህ የላከቻት። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል። ምን ልበላችሁ... ምርቃናው አንደበቴን ፈታው! አካውንታንት የአገር የጀርባ አጥንት መሆኑን፣ ዓለም አንድ ቀን ሚዛኗን ብትስት የምናስተካክላት እኛ መሆናችንን፣ አሥር ጊዜ ብወለድ አሥር ጊዜ አካውንታንት እንደምሆን ነገርኳት። ሁሉንም ጻፈች። ደብተሯን ዘግታ ተነሣች።

«አመሰግናለሁ ጋሼ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ ቢሮዎ እመጣለሁ።»

«ጨረስን አይደል እንዴ? ለምን?»

«መምህሩ ሁለት ጊዜ ጠይቁ ብለውናል» አለችና ወረቀቱን አሳየችኝ። ከአሥራ ሁለቱ ጥያቄዎች በላይ፣ በኔ ጊዜ ያልነበረ አዲስ መስመር ተጨምሯል። «የተጠየቁበት ሰዓት፦ ጠዋት... ከሰዓት...»

ቆሌዬ ተገፈፈ። ሰኞ ጠዋት «አሞኛል» ብዬ ቢሮ ደወልኩና አንሶላዬን ተከናንቤ ተኛሁ። ሦስት ሰዓት ሲሆን የግቢው በር ተንኳኳ። የእናቴን የእግር ኮቴ ሰማሁ፤ ከዚያ በሩ ሲከፈት፤ ከዚያ የዚያችን ተማሪ ድምፅ፣ «አመመኝ ብለው ቀሩ አሉኝ ቢሮ... ቀኑ እንዳያልፍብኝ ብዬ...»

«ግቢ ልጄ፣ ግቢ» አለች እናቴ። «ምንም አልሆነም። ጥሩ ሰዓት ነው የመጣሽው።»