ለአበባ የተላኩ ሽማግሌዎች

ይህን ጽሑፍ ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑን ሰው በብዕር መነካካት ድፍረት መስሎ ታይቶኝ። ይሁንና ማንም ሳይሾመው ሁሉን የሚቆጣጠር አንድ ሰው የሌለበት ሰፈር በምድር ላይ የለም።

በእስራኤል፣ በሀደራ ከተማ ያለው የእኛ ሰፈር የናሕሊኤል ተቆጣጣሪ ክቡር አቶ አይቸው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ያልተቆጡት ነገር የለም። በናሓል ሀደራ መናፈሻ ሥጋ ጠብሶ ከሰሉን ጥሎ የሚሄደውን ቤተሰብ መኪናው ድረስ ይከተሉታል። "እኔ ቆሜ?" ይላሉ፤ ክርክሩ በዚያው ያበቃል።

በሰፈሩ ዳር፣ በከፍተኛው የኤሌክትሪክ መስመር ስር፣ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ንቦች የሚቀስሙትን የአገሩን የዱር አበባ ዘርተን ነበር። የሚያስረዳ ሰሌዳም አቆምሁ። አቶ አይቸው መነጽራቸውን አንዴ አጥልቀው፣ አንዴ አውልቀው ደቃቁን ፊደል ሊያነቡ ሞከሩ። "ልጄ፣ ይህን የጻፍሽው ለሰው ነው ለንብ?" አሉኝ።

አበባው ገና ዘር ሳይቋጥር የመስመሩን ስር የሚያጸዳ የማጨጃ ትራክተር መጣ። በመስመሩ አጠገብ የበቀለው ባሕር ዛፍ ሽቦ እንዳይነካ ይቆረጥ፤ አግባብ ነው። ማር እየወደዱ የንብን ቀለብ ማጨድ ግን ምን የሚሉት ጽዳት ነው? ይህን ልናገር አስቤ ከሰሌዳው ኋላ ተሸሸግሁ። አቶ አይቸውም ሳይቆጡ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ አየሁና፣ እሳቸውም ፈሩ ብዬ አዘንሁ።

ጋቢ ለብሰው፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ተመለሱ። ባልና ሚስት ሊያስታርቁ የመጡ ይመስል በትራክተሩ ፊት ተደርድረው ቆሙ። ነጂው ብንያም የእኛው የኢትዮጵያውያን ልጅ ነው፤ ሽማግሌ ቆሞ እሱ ከላይ መቀመጡ ነውር ሆነበትና ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

"አባባ፣ እኔ ምን ላድርግ? መናሄሌቷ ናት ያዘዘችኝ።"

"እሷንም እንለምናለን። ጉልበት የማይደርስ አበባ የትኛውን ሽቦ ይነካል? እሺ እስክትሉን አንቀመጥም" አሉ አቶ አይቸው።

ብንያም መናሄሌት ላላት አለቃው፣ ለኦርና ደወለ። ሽማግሌ ተልኮብኛልና ማጨድ አልችልም አላት። ኦርና እንዲህ ያለ ምክንያት ሰምታ ስለማታውቅ ደጋግማ አስደገመችው። በመጨረሻ የምሰሶዎቹ ዙሪያ ብቻ ይታጨድ፣ ሌላው ዘሩን እስኪያራግፍ ይቆይ አለች።

አቶ አይቸው ወዲያው ወደ እኔ ዞሩ። "የዘራሽው አንቺ፤ አፍ የለሽም?" ብለው ሽማግሌዎቹ ፊት ተቆጡኝ። ከዚያ ወዲህ ሳይቆጡኝ የዋሉ ቀን ቅር ይለኛል።

እኒህ ሰው ምስጋና ይገባቸዋል። በሽቦው ስር ያለው አበባም ዘሩን እስኪጥል ድረስ ጊዜ ይገባዋል።