ኖር ለሥራነሽ

የሰውን ዕድሜ ከባለቤቱ አስበልጦ የሚያውቅ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ደብረ ማርቆስ ላይ ይህ ሥልጣን የክብርት ወይዘሮ ጤናዬ ነው። ፊልም የሠራች ሴት ሁሉ፣ ታውቃቸው አታውቃቸው፣ ልደቷ በእሳቸው እጅ ነው።

ችሎታቸው የሚታየው በሕሊና ፀጉር ቤት ውስጥ ነው። ፀጉር ሊሠሩ አይመጡም፤ ቴሌቪዥኑ ፊት ያለችውን ወንበር ይዘው ሊፈርዱ ነው የሚመጡት። ሕሊና ደንበኛ ሲበዛባት እንኳ «ይነሡልኝ» ለማለት አትደፍርም።

አንዲት ተዋናይ ጥቁር ፀጉር ይዛ በቴሌቪዥኑ ብቅ ካለች «ቀለም ነው!» ይላሉ። ግንባሯ ከተወጠረ «መርፌ ነው!» ኮረዳ ሆና ከተወነች ደግሞ ፍርዱ ይከብዳል፤ «ይህች? እኔ የበኩር ልጄን ክርስትና ሳስነሣ ይህች በፊልም እየተዳረች ነበር!» አንዷን የፊልም ሙሽራ፣ ድግሷ ሳያልቅ፣ አስልተው ጡረታ አስወጥተዋታል።

ከሁሉም አብልጠው የሚከታተሉት ግን የጉንደ ወይኗን ልጅ፣ እኩያቸውን ተዋናይቷን ሥራነሽን ነው። ባለፈው ጥቅምት ይህችው ሥራነሽ በእግሯ ፀጉር ቤቱ ገባች። ጮቄ ተራራ ላይ ፊልም ልትሠራ ነው። ሻሿን ስትፈታ የፀጉሯ ሥር ነጭ፣ ጫፉ ጥቁር ሆኖ ታየ።

«የኔ እህት፣ አጥቁሪልኝ» አለቻት ሕሊናን። «ዳይሬክተሩ ነገ ሽበት ካየብኝ መሪነቱን ለልጅ እሰጣለሁ ብሎኛል።»

ሕሊና ቀለሙን እየበጠበጠች ወደ ወይዘሮ ጤናዬ ሰረቅ አድርጋ አየች። አሁን «ቀለም ነው!» ሊመጣ ነው። ወይዘሮ ጤናዬ ግን፣ ለቄስ ካልሆነ የማይነሡት ሴትዮ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ብድግ አሉ።

«ኖር!»

የሥራነሽ ፊት ተለዋወጠ። በአገሩ ወግ ሰው ብድግ የሚለው ለታላቁ ነው፤ መልሱም «በእግዜር» ነው። እሷ ግን አልመለሰችም።

«ይህን ያህል አርጅቻለሁ? እኩያሞች እኮ ነን» አለች።

«ነን እንጂ! ይህን ሁሉ ዘመን የቆጠርሁሽ ለምን ይመስልሻል? እኔ ባሌን የቀበርሁ ሰሞን አንቺም በፊልሙ ባል ሞቶብሽ ስታለቅሺ አየሁሽ። እኔ ወገቤን ሲይዘኝ አንቺም ደረጃ ስትወጪ ቀስ ማለት ጀመርሽ። እኔን ማን ያየኛል፣ እህቴ? ሰው አንቺን ሲያይ ነው እኔንም የሚያየኝ። አንቺ ፀጉርሽን አጥቁረሽ ልጅ ብትሆኚ፣ ብቻዬን ላረጅ ነው?»

ሕሊና ብሩሹን እንደያዘች ቀረች። ለካ በዚያች ወንበር ላይ ይህ ሁሉ ተቀምጦ ኖሯል። ሥራነሽ መስታወቱን ረጅም ጊዜ አየችው።

«ጥቁሩን ጫፍ ቁረጪልኝና ቀለሙን ተዪው» አለች በመጨረሻ። ለ«ኖር» ግን መልስ ሳትሰጥ ወጣች።

ዳይሬክተሩ ቃሉን አላጠፈም። መሪነቱን ለልጅ ሰጠ፤ ለሥራነሽ የእናትየዋ ቦታ ደረሳት።

ፊልሙ ከፋሲካ በኋላ በቴሌቪዥን ታየ። ፀጉር ቤቱ ጢም ብሏል፤ ሁሉም የወይዘሮ ጤናዬን ፍርድ ይጠብቃል። በፊልሙ ውስጥ ሥራነሽ በር ከፍታ ገባች፤ ፀጉሯ እንደ ጮቄ ውርጭ ነጭ ነው። የፊልሙ ሰዎች እንደተቀመጡ ቀሩ፤ አንድም የተነሣላት የለም።

«ኖር!» አሉ ወይዘሮ ጤናዬ፣ ብድግ ብለው።

የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የገቡትም፣ ሹሩባ በግማሽ የቀረባቸውም ተከትለው ተነሡ። ሕሊና ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ለንጉሥ ቢሆን እንኳ ከዚህ የበለጠ ክብር ይሰጣል ብላ አላሰበችም። ከቴሌቪዥኑ መልስ አይመጣ ነገር፣ እሷው ስለ ሥራነሽ ሆና፣

«በእግዜር» አለች።